በኮሮና ጊዜ ለአንድ የአሜሪካ ካውንቲ እርሻዎች የተከፈለውን ገንዘብ እንዴት ፈልገን በትክክል እንደምንደምር

“እዚህ ካውንቲ ያሉ ገበሬዎች በኮሮና ጊዜ ከመንግሥት ስንት ወሰዱ?” የዚህ ጥያቄ መልስ በነጻ፣ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ችግሩ ሰው ፈልጎ የሚያመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ ልክ አለመሆኑ ነው። አንዱ ብድሩን ከድጎማው ጋር ይደምረዋል። ሌላው የ2020ን ብቻ አይቶ የ2021ን ይረሳል። ሌላው ደግሞ የክፍያ መስመሮችን ቆጥሮ “ይህን ያህል ገበሬ ተከፍሎታል” ብሎ ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ ክርክር ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ላለ ማንኛውም ካውንቲ፣ ማለትም ከክፍለ ግዛት በታች ላለ አስተዳደር፣ ይሠራል። ለምሳሌነት የመረጥኩት በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ያለውን ኖብልስ ካውንቲን ነው። ዋና ከተማው ዎርዚንግተን ነው። ከእኛም አገር ሄደው እዚያ አሳማ ፋብሪካ የሠሩ ብዙ ስለሆኑ ስሙ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የሥጋ ኩባንያው ጄቢኤስ ያንን ፋብሪካ ላልተወሰነ ጊዜ እዘጋለሁ ሲል፣ በዙሪያው ያሉ አርቢዎች ለእርድ የደረሰ አሳማ ይዘው መውጫ አጡ። እንግዲህ ሠራተኛውም ገበሬውም አንድ በር ሲዘጋ ነው የተመቱት። ለገበሬው ምን ያህል ተከፈለ የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልግ

- ኮምፒውተር። በስልክ አትሞክሩት። ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው።
- ኤክሴል ወይም መሰል ፕሮግራም።
- የካውንቲው ኮድ። የኖብልስ 27105 ነው። 27 ሚኒሶታ፣ 105 ካውንቲው።
- ማስታወሻ ደብተር። የትኛውን ፋይል መቼ እንዳወረዳችሁና ምን እንደቀነሳችሁ ጻፉ። ይህን ያልያዘ ሰው ከሳምንት በኋላ የራሱን ቁጥር ማስረዳት ያቅተዋል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በወረቀት ላይ ጻፉ

ድረ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ።

አንደኛ፣ የምትፈልጉት የማይመለስ ድጎማ ብቻ ነው ወይስ ብድርም? ሁለቱን በአንድ ድምር ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ሁለት ሠንጠረዥ ይኑራችሁ።

ሁለተኛ፣ “የካውንቲው ገበሬ” ማለት ለእናንተ ማነው? ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ ፋይሉ በዚያ ካውንቲ ቢሮ የተያዘለት፣ ፖስታው እዚያ የሚደርሰው፣ መሬቱ እዚያ ያለው። አንድ ሰው ሚኒያፖሊስ እየኖረ በኖብልስ ቢሮ በኩል ሊከፈለው ይችላል። ሦስት ካውንቲ ውስጥ የሚያርስ ቤተሰብ ደግሞ ፋይሉ አንድ ቢሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያሳያችኋል። ሦስተኛውን አያሳይም። እኔ የቢሮውን ካውንቲ እንድትይዙ እመክራለሁ፤ ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ለማነጻጸርም ይቀላል።

ደረጃ 2፦ የትኞቹን ፕሮግራሞች እንደምትፈልጉ ለዩ

የትልቁ ፕሮግራም ስም በአጭሩ ሲፋፕ ይባላል፤ የኮሮና ጊዜ የምግብ ድጋፍ ማለት ነው። የሚያስተዳድረው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኤፍኤስኤ ነው። ስትፈልጉ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ፒ ብላችሁ ጻፉ።

*ሲፋፕ 1።* ምዝገባው ከሜይ 26 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020 ነበር። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አልወጣም። መጀመሪያ 80 ከመቶ ተከፈለ፤ ቀሪው 20 ከመቶ ከኦገስት 2020 ጀምሮ መጣ። ስለዚህ አንድ ገበሬ ቢያንስ ሁለት መስመር ሊኖረው ይችላል።

*ሲፋፕ 2።* ከሴፕቴምበር 21 እስከ ዲሴምበር 11 ቀን 2020። ከዚያ ኤፕሪል 5 ቀን 2021 እንደገና ተከፍቶ ኦክቶበር 12 ቀን 2021 ተዘጋ።

*ጭማሪው።* ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በ2021 በቆሎ፣ አኩሪ አተርና መሰል ሰብል ላላቸው የሲፋፕ 2 ተጠቃሚዎች በኤከር (የመሬት ስፋት መለኪያ ነው) 20 ዶላር ተጨመረ። ለከብት ባለቤቶችም የሲፋፕ 1 ክፍያ ከፍ ተደረገ። ቀድሞ ያመለከተ ሰው እንደገና ማመልከት አላስፈለገውም፤ በቀጥታ ገባለት።

*ትንንሾቹ።* ማረጃ ጠፍቶ እንስሳ ለገደሉ የገበያ ዋጋውን 80 ከመቶ የከፈለ ፕሮግራም ነበር። በክፍት ገበያ አሳማ ለሸጡ በአንድ አሳማ 54 ዶላር የከፈለ ሌላ ነበር፤ ጣሪያው 10,000 አሳማ ነው። የ2020 ገቢያቸው ቢያንስ 15 ከመቶ ለቀነሰባቸው ደግሞ በ2023 ምዝገባ የተከፈተበት ፕሮግራም አለ። እንደ ኖብልስ ባለ የአሳማ አገር እነዚህን መዝለል ስህተት ነው።

⚠️ የማይገባውን አታስገቡ። ከቻይና ጋር በነበረው የንግድ ጦርነት ምክንያት ለገበሬ የሚከፈል ማካካሻ ነበር። የመጨረሻው ዙር የተፈቀደው በፌብሩዋሪ 2020 ስለሆነ በ2020 መዝገብ ውስጥ ተደባልቆ ታገኙታላችሁ። የኮሮና አይደለም። የሰብል መድንና ለድርቅ ወይም ለጎርፍ የተከፈለውም አይደለም።

ደረጃ 3፦ ጠቅላላውን ከዩኤስኤስፔንዲንግ ዶት ጎቭ (የፌዴራል መንግሥት ወጪ ከሚታይበት ድረ ገጽ) አውጡ

1. “አድቫንስድ ሰርች” የሚለውን ክፈቱ።
2. የፕሮግራሙን ስም በእርዳታ ፕሮግራም ማጣሪያ ውስጥ ጻፉና ምረጡ። “ኮቪድ” የሚለውን ማጣሪያ ብቻ አትመኑ። የሲፋፕ 1 ገንዘብ ከሁለት ኪስ ነው የወጣው፦ 9.5 ቢሊዮኑ ኬርስ አክት ከተባለው የኮሮና ጊዜ የእርዳታ ሕግ፣ 6.5 ቢሊዮኑ ከሚኒስቴሩ የሸቀጥ ብድር ኮርፖሬሽን። በፕሮግራም ስም ስትፈልጉ ሁለቱም ይመጣሉ።
3. ቦታውን ስትመርጡ ሁለት ምርጫ ታያላችሁ፦ የተቀባዩ አድራሻና ሥራው የተከናወነበት ቦታ። ሁለቱን በየተራ ሞክሩ። ውጤቶቹ ካልተመሳሰሉ አትደንግጡ፤ በደረጃ 1 የተነጋገርነው ነው። የትኛውን እንደያዛችሁ ጻፉ።
4. የበጀት ዓመት 2020ንም 2021ንም 2022ንም ምረጡ፤ በ2023 ምዝገባ የተከፈተበትን ፕሮግራም ከያዛችሁ 2023ንና 2024ንም ጨምሩ። የፌዴራል በጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። በኖቬምበር 2020 የተከፈለ ሲፋፕ 2 የሚመዘገበው በ2021 ነው። 2020ን ብቻ የመረጠ ሰው ሲፋፕ 2ን ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ይጥላል።
5. ፋይሉን አውርዱ።

ስም ካላያችሁ፦ ድረ ገጹ የግለሰቦችን ክፍያ በካውንቲ አጠቃሎ፣ ስሙን ሸፍኖ ነው የሚያወጣው። “ብዙ ተቀባዮች” የሚል መስመር ብታዩ የተደበቀ ነገር አለ ማለት አይደለም። ለካውንቲ ድምር ይህ ይበቃል። የግለሰብ መስመር ከፈለጋችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 4፦ የኤፍኤስኤን የክፍያ ፋይል አውርዱ

ኤፍኤስኤ በየዓመቱ ለማን ስንት እንደከፈለ በኤክሴል ያወጣል። ፋይሎቹን በድረ ገጹ የመረጃ ነጻነት ክፍል ታገኟቸዋላችሁ። የ2020፣ የ2021፣ የ2022 እና የ2023ን አውርዱ። አንድ ዓመት በብዙ ፋይል ተከፋፍሎ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝምና። ሁሉንም ክፍሎች መያዛችሁን አረጋግጡ።

ውስጡ የክፍለ ግዛትና የካውንቲ ኮድ፣ የተከፋዩ ስም፣ አድራሻ፣ መጠን፣ ቀን፣ የፕሮግራም መግለጫና የፕሮግራም ዓመት አለ።

ካውንቲው ባዶ ከመጣ፦ ኤክሴል ከኮዱ ፊት ያለውን ዜሮ በልቶት ይሆናል። 005 የነበረው 5 ይሆናል። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ቀይራችሁ ፋይሉን እንደገና አስገቡ። ሌላም አለ፦ ኤፍኤስኤ የሚጠቀመው የራሱን የካውንቲ አከፋፈል ነው። እንደ ኦተር ቴል ያለ ሰፊ ካውንቲ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱን ብቻ ከወሰዳችሁ ግማሽ ካውንቲ ነው የያዛችሁት።

ደረጃ 5፦ አጽዱና ደምሩ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

1. ዋናውን ፋይል አትንኩ። ቅጂ ሥሩበት።
2. በካውንቲው ኮድ ማጣሪያ አድርጉ።
3. የፕሮግራም መግለጫዎቹን ዝርዝር በፒቮት ቴብል (በኤክሴል ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) አውጡ። አንድ ፕሮግራም በተለያየ አጠራር ሊጻፍ ስለሚችል በአንድ ቃል ብቻ ፈልጋችሁ አትለፉ። ዝርዝሩን በዓይናችሁ አንብቡና የሚገባውን ምልክት አድርጉ።
4. ከዜሮ በታች የሆኑ መስመሮችን አትሰርዙ። ተመላሽ የተደረገ ወይም የታረመ ክፍያ ነው። ስትደምሩ ይቀነስ።
5. መጠኑን በፕሮግራም ደምሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ጠቅላላውን።
6. ተቀባይ መቁጠር ከፈለጋችሁ መስመር አትቁጠሩ። በስምና በአድራሻ ጥምር ቁጠሩ። የ80 እና የ20 ከመቶው፣ ከዚያም ጭማሪው፣ አንዱን ሰው ሦስትና አራት ያደርገዋል።

ስሞች ሲመሳሰሉ፦ አባትና ልጅ አንድ ስም፣ አንድ የገጠር መንገድ ላይ ሆነው የተለያዩ ተቀባዮች ሊሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒው አንድ ሰው በራሱ ስምም በኩባንያው ስምም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ “ይህን ያህል እርሻ” አትበሉ። “ይህን ያህል ተቀባይ” በሉ።

ስትጨርሱ የደረጃ 3ን ድምር ከዚህኛው አጠገብ አስቀምጡ። ትንሽ ልዩነት ይጠበቃል። በጣም ከተራራቁ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የዓመት አያያዝ ነው፤ ሁለተኛው የጎደለ ፋይል። ሦስተኛ ምስክር ከፈለጋችሁ ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት የእርሻ ድጎማን በካውንቲ የሚያሳይ ገጽ አለው። ለማመሳከር ጥሩ ነው። የቁጥራችሁ ምንጭ ግን የመንግሥት ፋይል ይሁን።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ ያስኬዳል ወይ? በተመኑ ፈትሹ

ሲፋፕ በሕግ የተቀመጠ ተመን ነበረው። ስለዚህ ያገኛችሁትን በካልኩሌተር መፈተሽ ትችላላችሁ።

በሲፋፕ 2 በቆሎ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ኤከር × ምርት በኤከር × 0.40 × 0.58 ዶላር። ለአኩሪ አተር 0.54 × 0.58 ነው። 500 ኤከር በቆሎ፣ በኤከር 180 ቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) ብንል 20,880 ዶላር ይመጣል። 300 ኤከር አኩሪ አተር በ52 ቡሼል ደግሞ 4,886 ገደማ። በዚህ ላይ የ2021 ጭማሪ አለ፦ 800 ኤከር በ20 ዶላር፣ 16,000። አያችሁ? ጭማሪውን የረሳ ሰው የዚህን ገበሬ ገንዘብ ከሲሶ በላይ ጥሎታል።

ለእንስሳ ደግሞ ሲፋፕ 2 በአንድ አሳማ 23 ዶላር፣ በአንድ የሥጋ ከብት 55 ዶላር ከፍሏል። የሚቆጠረው ከኤፕሪል 16 እስከ ኦገስት 31 ቀን 2020 ባለው ጊዜ ውስጥ ገበሬው በመረጠው አንድ ቀን በእጁ የነበረው ነው። ለመራቢያ የተቀመጠ እንስሳ አይገባም።

አሳማ በሞላበት ካውንቲ ክፍያው ካነሰባችሁ፦ ብዙ ጎተራ ውስጥ ያለው አሳማ የገበሬው አይደለም። ገበሬው በኮንትራት ያሳድጋል፤ ባለቤቱ ኩባንያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተከፈለው ለባለቤቱ ነበር። የኮንትራት አርቢዎች የገቡት ቆይተው ነው። የአሳማ ብዛት ብቻ አይታችሁ ክፍያ አትገምቱ።

አንድ ስም ከ250,000 ዶላር በላይ ካሳየ፦ ጣሪያው ለአንድ ሰው በእያንዳንዱ ሲፋፕ 250,000 ነበር። ከመጮኻችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። ሲፋፕ 1ንና 2ን ደምራችኋል? ጣሪያቸው ለየብቻ ነው። ተቀባዩ ኩባንያ ነው? እያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 ሰዓት የሠሩ ሁለት ባለድርሻዎች ካሉት እስከ 500,000፣ ሦስት ካሉት እስከ 750,000 ይፈቀድለታል። የሽርክና እርሻ ነው? እዚያ ጣሪያው በሸሪኮቹ ቁጥር ይታያል። በትክክል 250,000 ላይ የቆሙ ስሞች መብዛት ደግሞ ማጭበርበር አይደለም። ጣሪያው ነው የቆረጣቸው።

ደረጃ 7፦ የፒፒፒ ብድርን ለብቻው ያዙ

ብዙ እርሻ በኮሮና ጊዜ ፒፒፒም ወስዷል፤ ለደሞዝ ተብሎ የተሰጠ፣ ሁኔታው ከተሟላ የሚሰረዝ ብድር ነው። ይህ የግብርና ሚኒስቴር ሥራ አይደለም። መዝገቡ ያለው በአነስተኛ ንግድ አስተዳደር፣ ኤስቢኤ ነው።

ፋይሉ ለሁለት ይከፈላል፦ 150,000 ዶላርና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ከዚያ በታች። የታችኛው በብዙ ፋይል ነው የሚመጣው። የገጠር እርሻ በብዛት ያለው እዚያ ስለሆነ ትልቁን ብቻ አውርዳችሁ አትቁሙ።

1. በካውንቲ ስምና በክፍለ ግዛት አጣሩ። በካውንቲ ስም ብቻ አይበቃም፤ ኢንዲያና ውስጥም ኖብል የሚባል ካውንቲ አለ።
2. የሥራ ዘርፍ ኮዱ በ111 ወይም በ112 የሚጀምረውን ያዙ። 111 ሰብል ነው፣ 112 እንስሳ።
3. የተፈቀደውንና የተሰረዘውን ብድር አትደምሩ። አንዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ነው የሚቆጠረው። የተሰረዘው ከተፈቀደው በትንሹ ቢበልጥ ወለዱ ስለተጨመረበት ነው።
4. አንድ እርሻ ሁለት ዙር ወስዶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ስም ሁለት መስመር ስታዩ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር መሆኑን የሚለየውን ዓምድ ተመልከቱ።

20,833 ዶላር ወይም በጣም የቀረበ ቁጥር ደጋግሞ ቢመጣባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም። በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ በግብር ቅጽ ሼጁል ኤፍ የሚያሳውቅ ገበሬ በተጣራ ትርፉ ሳይሆን በጠቅላላ ገቢው እንዲያመለክት ፈቀደ። ለአንድ ሰው የሚያዘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 100,000 ነው። ለ12 ተካፍሎ በ2.5 ሲባዛ 20,833 ይሆናል። ያለ ተቀጣሪ የሚሠራ ገበሬ ብዙ በሆነበት አገር ይህ ቁጥር መደጋገሙ የግድ ነው።

የኤስቢኤ የአደጋ ጊዜ ብድር ደግሞ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ዋናው ብድር የሚመለስ ነው። የማይመለሰው ቅድሚያ ክፍያው ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ከመለጠፋችሁ በፊት

ከቁጥሩ ሥር አራት ነገር ጻፉ፦ የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደገቡ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ካውንቲው በቢሮ ነው ወይስ በአድራሻ፣ ፋይሉ መቼ እንደወረደ። አራቱ ከሌሉ ቁጥሩን አታውጡት።

የሰው ስም አትለጥፉ። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ እውነት ነው። ግን የጎረቤትን ስምና አድራሻ ፌስቡክ ላይ መዘርገፍ ሌላ ነገር ነው። ስሙ ቢመሳሰልና ሰውየው ሌላ ቢሆንስ? በድምርና በመካከለኛ ቁጥር (ክፍያዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሀል ላይ በሚውለው) የማይነገር ነገር የለም ማለት ይቻላል። አማካይ ብቻ ግን አትስጡ። ጥቂት ትልልቅ እርሻዎች አማካዩን ይሰቅሉታል። መካከለኛውንም አብራችሁ አስቀምጡ።

መዝገቡ ካልበቃችሁ

የጎደለ ፋይል ወይም ግልጽ ያልሆነ ኮድ ካለ መጀመሪያ የካውንቲውን የኤፍኤስኤ ቢሮ በስልክ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ምን እንደሆነ ወዲያው ይነግሯችኋል። ካልሆነ በመረጃ ነጻነት ሕጉ በጽሑፍ ጠይቁ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦ “ለኖብልስ ካውንቲ፣ ለሲፋፕ 1 እና 2፣ ከጁን 2020 እስከ ዲሴምበር 2021 የተከፈለ በመስመር ዝርዝር” በሉ። “ስለ ኮሮና ያላችሁን ሁሉ” ያለ ሰው ወራት ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ሊያራዝም ይችላል።

ገበሬው በማመልከቻው ላይ ስንት አሳማ ወይም ስንት ኤከር እንዳስመዘገበ ብትጠይቁ እምቢ ይሏችኋል። የ2008 የእርሻ ሕግ አንቀጽ 1619 ገበሬው ስለ እርሻው የሰጠውን ዝርዝር መረጃ ይጠብቃል። የክፍያ መጠንና የተከፋይ ስም ግን ከዚያ ጥበቃ ውጭ ነው። እምቢታው ክፍያውንም ጭምር ከሸፈነ ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሳችሁ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው የጊዜ ገደብ ውስጥ ይግባኝ በሉ።